የመኪናው ቴፕ ከተለወጠ በኋላ ድምፁ ለምን ይሻክራል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። መኪና ግን በሽታውን አይደብቅም። ፍሬኑ ሲያልቅ ያፏጫል፤ ባትሪው ሲደክም ሞተሩን ለማስነሣት ያቃስታል፤ አዲስ የተገጠመለት ቴፕና ስፒከር ሳይስማሙ ሲቀሩም ድምፁ ይሻክራል፣ ይንጣጣል፣ ዘፋኙም በቆርቆሮ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። እንግዲህ መኪናው ይናገራል፤ የሚጎድለው በጥሞና የሚያደምጠው ሰው ነው።

ነገሩ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቅ ነው። አንድ ባለ መኪና ከደመወዙ እያጠራቀመ ቆይቶ፣ ከፋብሪካ ከመኪናው ጋር የመጣውን ቴፕ አስወጥቶ ባለ ስክሪን አዲስ ቴፕ፣ አራት ስፒከርና አንድ አምፕሊፋየር አስገጠመ እንበል። በመጀመሪያው ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲሰማው ደስ አለው። በማግሥቱ ከፍ ሲያደርገው ግን ድምፁ ተሰነጠቀ። «ስፒከሩ ርካሽ ስለ ሆነ ነው» ቢሉት ሌላ ስፒከር ገዛ፤ ድምፁ ግን ያው ነው። «አምፕሊፋየሩ አቅም ስለሌለው ነው» ቢሉት ከፊተኛው የሚበልጥ ገዛ፤ ይብሱን ከፋ። ከዚህ በኋላ ያ ያረጀ የፋብሪካ ቴፕ መናፈቅ ይጀምራል፤ ዳሩ ግን እርሱን በርካሽ ሸጦታል።

እኛ በዛሬው ጽሑፋችን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ የፈለግነው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም አዲስ ዕቃ ገብቶ ድምፅ ሲበላሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው መጥፎነት ሳይሆን የዕቃዎቹ አለመስማማት መሆኑን ነው። ይህንንም ሌላ ዕቃ ከመግዛት በፊት በጆሮ፣ በእጅና ዋጋው ብዙ ባልሆነ አንድ ቴስተር መርምሮ ማግኘት ይቻላል።

የፋብሪካው ቴፕ ለምን ይወጣል?

በአገራችን ቴፕ የሚለወጠው ለጌጥ ብቻ አይደለም። በየመንገዱ ከምናያቸው እንደ ቶዮታ ቪትዝ ካሉት አነስተኛ አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ በጃፓን አገር ተነድተው ኋላ ወደ እኛ የመጡ ናቸው። ጃፓን ለኤፍ ኤም ራዲዮ የመደበችው ሞገድ ከ76 ሜጋ ኸርዝ የሚጀምር ሲሆን፣ በቀድሞዎቹ ራዲዮኖች 90 ላይ ያበቃል። የእኛ ጣቢያዎች ግን ከ87.5 እስከ 108 ባለው ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን ወይም ሸገር 102.1ን ለማድመጥ የፈለገ ሰው የጃፓኑ ራዲዮ አይደርስለትም።

ለዚህም አንዳንዱ ሞገድን ወደ ታች የሚያወርድ ትንሽ መሣሪያ ከአንቴናው ሽቦ ጋር ያስገባል። ይህ መሣሪያ ሁሉንም ጣቢያ በእኩል መጠን ዝቅ አድርጎ የጃፓኑ ራዲዮ ሊይዘው በሚችለው ቦታ ያስቀምጠዋል። ሥራው ቀላል ቢሆንም ጣጣ አለው፤ የደከመ ሞገድ ይበልጥ ሊደክም፣ ሁለት ጣቢያዎችም ተደራርበው ሊሰሙ ይችላሉ። እንግዲህ ድምፁ የሚሻክረው ራዲዮ ሲከፈት ብቻ ሆኖ ከስልክ ወይም ከፍላሽ የሚሰማው ዘፈን ንጹሕ ከሆነ፣ ስፒከርና አምፕሊፋየር ነጻ ናቸው፤ የሚመረመረው አንቴናውና ይህ መሣሪያ ነው። በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ የሚሰካውን ትንሽ አስተላላፊ የሚጠቀሙም አሉ። እርሱ ሲያንጫጫ የስልኩን ድምፅ ከሙሉው ትንሽ ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ከልክ በላይ የገባለትን ድምፅ አጥርቶ ሊያስተላልፍ አይችልምና።

መሻከር ማለት ምን ማለት ነው?

ጣሪያው ዝቅ ባለ ቤት ውስጥ የሚዘል ሰው ጭንቅላቱ ጣሪያውን ይመታል። በቴፕ ውስጥ ያለው አምፕሊፋየርም እንዲሁ ነው። ጣሪያው ከባትሪውና ከዲናሞው የሚያገኘው ቮልት ነው፤ ድምፁን ከዚያ በላይ ውጣ ብንለው የሞገዱ ጫፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጆሯችን ይህንን የተቆረጠ ጫፍ መሻከርና መሰንጠቅ ብሎ ይሰማዋል።

በብዙ ቴፖች ሳጥን ላይ «50 ዋት ሲባዛ በ4» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ከየት እንደሚመጣ በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ሞተር ሲሠራ 14.4 ቮልት ይኖራል ብንል፣ 14.4 በ14.4 ተባዝቶ ለስፒከሩ 4 ኦም ሲካፈል 52 ዋት ገደማ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ጫፉ ጨርሶ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ማለት ፈጽሞ የተበላሸ ድምፅ ልክ ነው። ንጹሑ ድምፅ በሒሳብ ከዚህ ግማሹን፣ 26 ዋት ያህል አያልፍም፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ማረጋገጫ የፈለገ ሰው ከቴፑ ጀርባ ያለውን ፊውዝ ይመልከት። ፊውዙ 10 አምፔር ከሆነ በ14.4 ቮልት ሳይቃጠል ዘወትር ሊያሳልፍ የሚችለው 144 ዋት ነው። በ144 ዋት ገብቶ 200 ዋት የሚወጣበት ብልሃት እስካሁን አልተገኘም።

ከዚህም የምንማረው ቁም ነገር አለ። ድምፅን 3 ዴሲቤል ለመጨመር ኃይሉን እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ 10 ዴሲቤል ለመጨመር ደግሞ ዐሥር እጥፍ። የባሱን ቁልፍ በ6 ዴሲቤል ከፍ ያደረገ ሰው በዚያ ወፍራም ድምፅ ላይ አራት እጥፍ ኃይል ጠየቀ ማለት ነው። ቴፑ የሌለውን ከየት ያመጣል? ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ባሱንና ቀጭኑን ድምፅ ወደ ዜሮ መመለስ፣ «ላውድነስ» የሚባለውንም ማጥፋት ነው። በብዙ መኪናዎች ላይ ሕመሙ ከዚህ ላይ ያበቃል።

መቼ ይሻክራል?

ሐኪም በሽተኛን «ከመቼ ጀምሮ? ምን ስትበላ?» ብሎ እንደሚጠይቅ፣ መርማሪውም መኪናውን መጠየቅ አለበት። የሚጠየቀው በቅድሚያ ዘፈኑ ራሱ ነው። ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከካሴትም ወደ ስልክ ሲገለበጡ የኖሩ የቀድሞ ዘፈኖቻችን ከመጀመሪያው የተሰነጠቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ያንኑ ዘፈን በጆሮ ማድመጫ ሰምቶ ማነጻጸር ነው። ለሙከራ ክራር፣ ዋሽንትና ጥርት ያለ የሰው ድምፅ ይሻላሉ። በገና ግን ለዚህ አይሆንም፤ በአውታሮቹ ሥር የሚገባው ትንሽ ቆዳ ሆን ተብሎ እንዲነዝር የሚያደርገው ስለ ሆነ፣ የበገናን ተፈጥሮ የስፒከር በሽታ ነው ብለን እንሳሳታለን።

ዘፈኑ ነጻ ከወጣ በኋላ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተራ እንጠይቅ።

አንደኛ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎም ከፍ ብሎም ይሻክራልን? እንዲህ ከሆነ በሽታው የኃይል ማነስ አይደለም። አንዳንድ መኪናዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ለብቻው የተቀመጠ አምፕሊፋየር በወንበር ሥር ወይም በኋላ ሳንዱቅ አጠገብ አላቸው። ቦዝ የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ስፒከሮች ለዚህ ጥሩ ምልክት ናቸው። ገጣሚው ይህንን ሳያውቅ የአዲሱን ቴፕ የስፒከር ሽቦ ወደዚያ አምፕሊፋየር ቢያገናኘው፣ አንድ ጊዜ የጎላው ድምፅ ሁለተኛ ይጎላል። በጠብታ ሊሞላ የተሠራውን ጠርሙስ በባልዲ እንደ መሙላት ነው። በእንዲህ ያሉ መኪናዎች ስፒከሮቹም ከተለመደው 4 ኦም ያነሱ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ የፋብሪካውን አምፕሊፋየር ዘሎ በቀጥታ ከአዲሱ ቴፕ ጋር ማያያዝም መፍትሔ አይሆንም። ለመኪናው የተሠራውን ማገናኛ መፈለግ፣ አለዚያም አምፕሊፋየሩንና ስፒከሩን አብሮ መለወጥ ይገባል።

ሁለተኛ፤ የሚሻክረው ከፍ ሲል ብቻ ነውን? ይህ ከላይ የተናገርነው የጣሪያው ነገር ነው። አምፕሊፋየር የተገጠመለት መኪና ከሆነ በላዩ ያለችው «ጌይን» የምትባለው ቁልፍ ትመርመር። ብዙ ሰው ይህችን ቁልፍ የድምፅ መጨመሪያ አድርጎ ስለሚገምታት እስከ መጨረሻው ያዞራታል። ሥራዋ ግን ከቴፑ የሚመጣውን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ማስማማት ነው። አስተካከሉም እንዲህ ነው፦ ባሱን ዜሮ አድርጎ ጌይኗን እስከ መጨረሻው ዝቅ ማድረግ፤ የቴፑን ድምፅ ከሙሉው ሦስት አራተኛ ማድረስ፤ ከዚያም ድምፁ መሻከር እስኪጀምር ጌይኗን ቀስ ብሎ መጨመርና፣ እንደ ጀመረ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ። ከዚህ በኋላ ቁልፏ አትነካም።

ሦስተኛ፤ የሚሻክረው ከበሮው ሲመታ ብቻ ነውን? በበር ላይ የሚገጠም ትንሽ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ሁሉ ላሰማ ሲል ከአቅሙ በላይ ይወዛወዛል። በቴፑ ወይም በአምፕሊፋየሩ ውስጥ «ሃይ ፓስ» የሚባለውን 80 ኸርዝ ላይ ብናደርገው ከዚያ በታች ያለው ለባስ ስፒከሩ ይቀራል፤ የበሩ ስፒከርም ያርፋል። ከበሮው ሲመታ የዳሽቦርዱ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን በሽታው ከኤሌክትሪኩ ነው።

አራተኛ፤ የሚሰማው ከሞተሩ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ የሚል ፉጨት ነውን? ነዳጅ ሲሰጠው የሚቀጥን፣ ሲለቀቅ የሚወፍር ከሆነ ከዲናሞው የመጣ ነው። በር የሚከፍትለት ብዙ ጊዜ መጥፎ ኔጌቲቭ ነው።

አምስተኛ፤ የሚሻክረው አንድ በር ብቻ ነውን? የግራውንና የቀኙን ሽቦ ከቴፑ ጀርባ ማለዋወጥ ነው። ሽቦው ሲለዋወጥ ሕመሙ ወደ ሌላው በር ከሄደ ጥፋቱ ከቴፑ ነው፤ በቦታው ከቀረ ግን ከስፒከሩ ወይም ከሽቦው ነው። ይህች ቀላል ሙከራ ብዙ ያላግባብ የሚወጣ ገንዘብ ታድናለች።

ሽቦና ብረት

በአምፕሊፋየር ሥራ ከሁሉ የሚናቀው፣ ከሁሉም የሚበልጠው ሽቦ ነው። ሞተር ሲጠፋ ደኅና ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተር ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.4 ይደርሳል። ይኸው ልክ ዘፈኑ ጎልቶ በሚሰማበት ጊዜ በአምፕሊፋየሩ ላይም በቴስተር ይለካ። ከባትሪው በግማሽ ቮልት ካነሰ ኃይሉ በመንገድ ቀርቷል ማለት ነው። ሽቦው ቀጥኗል፣ ወይም መዳብ መስሎ የተሸጠው አሉሚኒየም ነው። ጫፉን በቢላዋ ሲፍቁት ከውስጥ ነጭ ሆኖ የሚታየው በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ስለ ሆነ፣ ከንጹሕ መዳብ ይበልጥ ወፍራም ሽቦ ይጠይቃል።

ኔጌቲቩ ደግሞ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ወይም በወንበር ብሎን ሥር መታሰር የለበትም። ቀለሙ ብረቱ እስኪያበራ ተፍቆ፣ ከፖዚቲቩ እኩል ወፍራም በሆነ አጭር ሽቦ በደንብ ይጥበቅ። ድምፅ የሚያመላልሰው ቀጭኑ ገመድ በአንድ ወገን፣ ከባትሪው የሚመጣው ወፍራም ሽቦ በሌላው ወገን ይለፍ፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ የአንዱ ሁካታ ወደ ሌላው ይገባል።

በቴፑ ጀርባ ያሉት ሽቦዎች በአብዛኛው አዲስ ቴፕ አንድ ዐይነት ቀለም አላቸው። ቢጫው የባትሪ፣ ቀዩ የቁልፍ፣ ጥቁሩ የኔጌቲቭ ነው። ነጩ የፊት ግራ፣ ግራጫው የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴው የኋላ ግራ፣ ወይን ጠጁ የኋላ ቀኝ ስፒከር ሲሆን፣ ጥቁር መስመር ያለበት የየራሱ ኔጌቲቭ ነው። የስፒከርን ኔጌቲቭ ከመኪናው ብረት ወይም ከሌላው ስፒከር ኔጌቲቭ ጋር ማያያዝ ለዛሬ ቴፖች መርዝ ነው። የበሩ ሽቦ በማጠፊያው ተቆርጦ ብረት ቢነካም ውጤቱ ያው ነው።

ስፒከሩም ይመረመር

አራት ኦም የተባለ ስፒከር በቴስተር ሲለካ ከ3.2 እስከ 3.8 ገደማ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ተቃጥሏል። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ቢታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ለ4 ኦም የተሠራው ቴፕም እጥፍ ኃይል ሲጠየቅ ይግላል፣ ይሻክራል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። ስፒከሩን በመዳፍ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ሲገፉት የመፋቅ ድምፅ ከተሰማ ውስጡ ጠምዟል።

ድምፁ ሳይሰነጠቅ ወፍራሙ ጠፍቶ የቀጠነ ከሆነ አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ታስሮ ይሆናል። ይህንንም 1.5 ቮልት በሆነ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ማወቅ ይቻላል። ስፒከሩ ከቴፑ ተለይቶ የድንጋዩ ፖዚቲቭ ከስፒከሩ ፖዚቲቭ ጋር ለቅጽበት ሲነካ ሸራው ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋተኛው ኤሌክትሪክ አይደለም። አዲሱ ስፒከር ከቀድሞው ረዘም ያለ እንደ ሆነ መስታወቱ ሲወርድ ይነካዋል። የበሩ ፕላስቲክም ብሎን ጎድሎበት ይርገበገባል። ዘፈን እየተሰማ በሩን በእጅ ጫን ሲሉት ጩኸቱ ከቆመ መድኃኒቱ አንድ ብሎን ወይም አንድ ቁራጭ ስፖንጅ ነው።

ከድምፅ የሚበልጥ ነገር

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገንዘብና ስለ ደስታ ነው፤ ከዚህ የከበደ ጉዳይም አለ። ከባትሪው ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ከባትሪው በ45 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል። ፊውዙ ሽቦውን የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ሽቦው በስለታም ብረት ላይ ሲፋቅ ኖሮ ቢላጥና ብረቱን ቢነካ፣ ፊውዝ ከሌለ ባትሪው ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ሽቦው ይግማል፣ ምንጣፉም ይያያዛል። ስለዚህ ሽቦ ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ጎማ ይደረግ። የተቃጠለ ፊውዝን በሲጋራ ወረቀት ወይም በሽቦ ቁራጭ መተካት ዘበኛውን አባርሮ ሌባውን ማስገባት ነው። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያም በሙቀት ይላቀቃልና በብየዳ ወይም በተገቢው ማያያዣ ይጠናከር።

ሌላው ጆሯችን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ሰው 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ቢሰማ አይጎዳም፤ 90 ዴሲቤል ከሆነ ግን ከ4 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ከጧት እስከ ማታ በሚኒባስ ውስጥ የሚውሉት ሾፌሩና ረዳቱ ይህንን አራት ሰዓት በአንድ ቀን ሊጨርሱት ይችላሉ። የተሻከረ ድምፅ ደግሞ ቃሉ አልሰማ እያለ አሁንም አሁንም ጨምር ያሰኛል። ስለዚህ ድምፁ ሲጠራ ዝቅ ብሎም ስለሚሰማ፣ ጥራት የጆሮም ጤና ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በርክተዋል። እነዚህ ዲናሞ የላቸውም፤ 12 ቮልቱን ባትሪ የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ ኃይል የሚያወርድ መሣሪያ ነው። ስክሪኑም ከመኪናው ሌሎች ሥራዎች ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ነቅሎ መለወጥ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ብርቱካንማ ቀለም ያለው ወፍራም ገመድ ሲታይ ግን እጅን መሰብሰብ ነው፤ በውስጡ የሚሄደው ሰው የሚገድል ኃይል ነው።

እንግዲህ ወደ ሶማሌ ተራ ወይም ወደ ሌላ የመኪና ዕቃ ገበያ ከመሄድዎ በፊት ግማሽ ቀን ለምርመራ ይስጡ። ከዘፈኑ ተነሥተው ወደ ቴፑ፣ ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ፣ ከዚያ ወደ ሽቦው፣ በመጨረሻም ወደ ስፒከሩ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ይሂዱ፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። ወደ ባለ ሙያም ሲሄዱ «ድምፁ ተበላሽቷል» ብቻ አይበሉ፤ መቼ፣ በየትኛው በር፣ በምን ያህል ከፍታ እንደሚበላሽ ጽፈው ይዘው ይሂዱ። እንዲህ ያደረገ ባለ መኪና የሚከፍለው ለተገኘው በሽታ እንጂ ለግምት አይሆንም፤ የቆጠበውም ገንዘብ ለፍሬኑና ለጎማው ይተርፈዋል።